መጀመሪያ የቀረው ማን ነው?

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ መገናኛ ላይ «ከሙያ ውጭ» በተሰኘው ዝግጅት የቀረበ ንግግር)



ከሁሉ በፊት አንድ ይቅርታ ልጠይቅ። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ አንቱታ ብዙም አይሠራም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያልን ነው ያደግነው። እዚህ ትምህርት ቤት ስገባ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት አናቶሚ በማጥናት ሳይሆን አንቱታ በመለማመድ ነው። ስለዚህ በንግግሬ መካከል ከፕሮፌሰሮቻችን አንዱን «አንተ» ካልኩ ንቀት ሳይሆን አስተዳደግ ነው፤ እለፉኝ።

አዘጋጆቹ «ከሙያሽ ውጭ የሆነ፣ ግን የምትወጂውን ነገር ንገሪን» ሲሉኝ ሁለቴ አላሰብኩም። የምናገረው ስለ ባቡር ነው። አባቴ የሥራ ዘመኑን በሙሉ ያሳለፈው ድሬዳዋ በሚገኘው የምድር ባቡር ጥገና ክፍል ነው። ቤታችን ራት የሚቀርበው በሰዓት ሳይሆን በባቡሩ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ካልገባ አባቴ አይገባም፤ አባቴ ካልገባ ደግሞ ማዕድ አይቀርብም። የረሃብን ስሜት የተማርኩት ከተበላሸ ሎኮሞቲቭ ነው ብል አልተሳሳትኩም። ይኸው ልክፍት አልለቀቀኝም፤ ዛሬም ሌላው ሰው ማታ ድራማ ሲያይ እኔ የሌላ አገር ባቡር የተሳፋሪ ቁጥር አነባለሁ። ልጆቼ ያፍሩብኛል።

ነገር ግን ከሙያ ውጭ ብዬ የጀመርኩት ንባብ ዞሮ ዞሮ ሙያዬ ላይ ጣለኝ። ስለዚህ ንግግሬን የምጨርሰው በአንዲት ታካሚ ካርድ ነው። እስከዚያ ድረስ ታገሡኝ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እኛ ሐኪሞች የአንድ ቀን ልኬት አያሳምነንም። ሙቀቱ ዛሬ 38 ነው ሲባል «ትናንትስ? ከትናንት ወዲያስ?» እንላለን። ኩርባውን ማየት እንፈልጋለን። የባቡር ተሳፋሪ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ሳይመረምር የሚሰጠው አንድ ዲያግኖሲስ አለ፤ «ባቡር የድሮ ነገር ነው፤ መኪናና አውሮፕላን መጡና ገደሉት» የሚል። እስቲ ካርዶቹን እናገላብጥ።

ከእንግሊዝ እንጀምር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዓመት ከአንድ ቢሊዮን በላይ የባቡር ጉዞ ይደረግባት ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ የግል መኪና በዛ፣ ተሳፋሪው ቀነሰ፣ ኪሳራው ከፍ አለ። በ1963 የባቡር ቦርዱ ሊቀ መንበር ዶክተር ሪቻርድ ቢችንግ፣ ዶክትሬታቸው የፊዚክስ ነው እንጂ እንደኛ ሐኪም አይደሉም፣ አንድ ሪፖርት አወጡ። የምርመራው ዘዴ ቀላል ነበር። በ1961 የአንድ ሳምንት እንቅስቃሴ ተቆጠረ፤ ጥቂት ሰው የሚጠቀምባቸው ቦታዎች ተለዩ፤ 2,363 ጣቢያዎችና 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ እንዲዘጉ ሐሳብ ቀረበ። አብዛኛው ተፈጸመ።

የታሰበው ምን ነበር? የገጠሩ ሰው በመኪናው እስከ ዋናው ጣቢያ ይነዳና ከዚያ ባቡር ይሳፈራል። ሰውየው ግን አንዴ መኪናው ውስጥ ከገባ ምን ብሎ ይወርዳል? እስከ መጨረሻው ነዳ። ነገሩ ካፒላሪዎቹን ቆርጦ ከአኦርታው ጤና እንደ መጠበቅ ነው። ቁጥሩ መውረዱን ቀጠለ፤ በ1982 ወደ 630 ሚሊዮን ዝቅ አለ።

በዚያ ዓመት ካርዱን ያየ ሐኪም «ቤተሰቡን ጥሩልኝ» ይል ነበር። ሕመምተኛው ግን ተነሣ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ኩርባው ሽቅብ ወጣ፤ በ2018/19 ወደ 1.75 ቢሊዮን ጉዞ ደረሰ። በኮቪድ ዓመት ወደ 388 ሚሊዮን ቢወድቅም በ2024/25 እንደገና 1.7 ቢሊዮንን አለፈ። ከኤደንብራ ወደ ደቡብ የሚወስደውና በ1969 የተዘጋው መስመር እንኳ 48 ኪሎ ሜትር ያህሉ በመስከረም 2015 ተከፍቶ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከተገመተው በላይ ሰው ተሳፈረበት። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ «ተሳፋሪ የለም» የተባለበት መስመር ነው እንግዲህ።

ወደ አሜሪካ እንሻገር። እዚያ የምትኖሩ ጓደኞቼ የምናገረውን በዓይናችሁ አይታችሁታል። በ1920 የአሜሪካ ባቡሮች ከ1.2 ቢሊዮን በላይ ተሳፋሪ አጓጉዘዋል። ከዚያ አውራ ጎዳናው፣ አውሮፕላኑ፣ ርካሽ ቤንዚኑ መጣ። የግል ኩባንያዎቹ ሰው ማጓጓዝ ስለከበዳቸው መንግሥት አምትራክን አቋቋመ፤ ግንቦት 1 ቀን 1971 ሥራ ሲጀምር ከነበሩት የረጅም ርቀት ባቡሮች ግማሽ ያህሉ በአንድ ሌሊት ቀሩ። በ2024 የበጀት ዓመት አምትራክ 32.8 ሚሊዮን ተሳፋሪ አጓጓዘ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በታሪኩ ከፍተኛው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥሩ አራቱ ያህል የተሳፈሩት ከቦስተን እስከ ዋሽንግተን ባለው 735 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አገሩ አንድ፣ ሕዝቡ አንድ፣ የመኪና ፍቅሩም አንድ ነው። ታዲያ የዋሽንግተኑ ሰው ባቡር ሲሳፈር የሂውስተኑ ለምን አይሳፈርም? በዋሽንግተንና በኒው ዮርክ መካከል አንዱ ባቡር ቢያመልጥህ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ይመጣል። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት በሂውስተን ግን የአምትራክ ባቡር የሚያልፈው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚሠራ ድንገተኛ ክፍል አስቡ። ሕመምተኛ ባይመጣበት ጤነኛ ከተማ ነው ልንል ነው?

ጃፓን ላይ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። በ1964 ዓለም «ባቡር አበቃለት» ሲል ጃፓኖች በቶኪዮና በኦሳካ መካከል ሺንካንሰንን ከፈቱ። ዛሬ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በዚያ መስመር በየሰዓቱ ከአሥር በላይ ባቡር ይነሣል፤ ከተከፈተ ጀምሮ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ወይም ተጋጭቶ የሞተ ተሳፋሪ የለም። በሌላ በኩል በሰሜኑ ደሴት በሆካይዶ የባቡር ኩባንያው በ2016 ከመስመሮቹ ግማሽ ያህሉን በራሱ አቅም ማቆየት እንደማይችል አሳወቀ። እዚያ ችግሩ የባቡሩ መቅረት አይደለም። ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዷል፣ የቀረው አርጅቷል፣ ልጅ አይወለድም። ባቡሩ በሰዓቱ ይመጣል፤ ጣቢያው ላይ ግን ሰው የለም።

ይህን የምነግራችሁ ለራሴ ሐሳብ ጠበቃ ብቻ እንዳልሆን ነው። በእርግጥ ሰው መጀመሪያ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ገቢ፣ የመንገድ ሁኔታ፣ የቤንዚን ዋጋ፣ የከተማ እድገት ሁሉም ኩርባው ላይ አሻራ አላቸው። ሁለት ነገር አብሮ ስለሄደ አንዱ የሌላው መንስኤ ነው እንደማይባል ያስተማራችሁን እናንተው መምህራኖቻችን ናችሁ።

ቢሆንም ስዊዘርላንድን ተመልከቱ። ተራራማና ትንሽ አገር ናት፤ ሕዝቧ ሀብታም ነው፣ መኪና ሞልቶታል። እንደ ዲያግኖሲሳችን ከሆነ ባቡር መሞት የነበረበት እዚያ ነው። እነሱ ግን በ1982 በመላ አገሪቱ በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ የሚነሣ ባቡር ጀመሩ። በ1987 ደግሞ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ትልቅ የባቡር እቅድ አጸደቀ። ዓላማው ከዓለም ፈጣን ባቡር መሥራት አልነበረም። ከዙሪክ በርን ከአንድ ሰዓት በታች እንዲሆን ነበር። ለምን መሰላችሁ? ባቡሮቹ ሁሉ በሰዓቱ መባቻ ጣቢያ ላይ ተገናኝተው ተሳፋሪ እንዲቀባበሉ ነው። እቅዱ በ2004 ሥራ ላይ ዋለ፤ ዛሬ በአውሮፓ በነፍስ ወከፍ እንደ ስዊዞች በባቡር የሚጓዝ የለም። የሸጡት ፍጥነት ሳይሆን እርግጠኝነት ነው።

ተቃራኒውን ማየት የፈለገ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሂድ። በ2008/09 የከተማ ባቡሮቿ ከ600 ሚሊዮን በላይ ጉዞ ያስተናግዱ ነበር፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ ነው። ጥገና ተጓደለ፣ ባቡር ዘገየ፣ ኬብል ተሰረቀ፣ ሰዉ ወደ ሚኒባስ ሸሸ፣ ገቢ ቀነሰ፣ ጥገናውም ይበልጥ ተጓደለ። በኮቪድ ጊዜ አገልግሎቱ ሲቆም ጣቢያዎቹ ተዘረፉ። ከዚያ በኋላ ከቀድሞው አንድ አሥረኛ ያህል ተሳፋሪ እንኳ አልቀረም ነበር። አሁን መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲጠገኑ ሰዉም አንድ በአንድ እየተመለሰ ነው። ማንም «ባቡር ውደዱ» ብሎ አልሰበከውም። ባቡሩ መጣ፤ ሰዉም መጣ።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የኛ ባቡር ታሪክ ውስጥ ሐኪም እንዳለበት ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረው ሥራ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ ኩባንያው በገንዘብ ችግር ቆሞ ነበር። በ1908 ሥራው እንደገና እንዲቀጥል ፈቃዱን የተቀበሉት የአፄ ምኒልክ ሐኪም የነበሩት፣ የጓዴሎፕ ተወላጅ ዶክተር ዮሴፍ ቪታሊየን ናቸው። ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ከተማዬ ድሬዳዋም የተወለደችው ባቡሩ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላልቻለ ነው። እኔም በተዘዋዋሪ የዳገት ልጅ ነኝ ማለት ነው።

ካርታውን ልብ በሉ። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚወስደው የመኪና መንገድ ከሚኤሶ በኋላ ወደ ጭሮ ደጋ ወጥቶ በቁልቢ በኩል ይዞራል። ሐዲዱ ግን ቆላ ቆላውን በአፍደም፣ በጎታ፣ በኤረር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ለደገኛው ባቡር ከአውቶቡስ ሌላ ተጨማሪ ምርጫ ነበር። ለቆለኛው ግን ገበያውም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ሆስፒታሉም ባቡሩ ነበር። ወተትና ከሰል ይዞ ወጥቶ ስኳርና ጨርቅ ይዞ የሚመለሰው በእሱ ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ ባቡሩ ታሞ ነበር። በ1977ቱ ጦርነት ድልድዮቹ ተመትተዋል። በ1985 አዋሽ አጠገብ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል። መለዋወጫ የለም፣ ሐዲዱ አርጅቷል። አባቴና ጓደኞቹ ከሦስት የሞተ አንድ ሕያው እያወጡ ያሠሩት ነበር። ያኔ ሰዉ ሁሉ «አሁን ማን ባቡር ይሳፈራል? አውቶቡስ አለ፣ አይሱዙ አለ» ይል ነበር። አባቴ ግን አንድ መልስ ነበረው፤ «ባቡር ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ሰው ነው ባቡር የሚያጣው» ይል ነበር። እኔ የሽማግሌ ቁጭት ይመስለኝ ነበር። በ2000ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው አገልግሎት ቆመ። አባቴም ቤት ተቀመጠ።

ዛሬ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ፤ በ2016 ተመረቀ፣ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ፈጣን ነው፣ ምቹ ነው፤ ደስ ብሎኝ ተሳፍሬበታለሁ። ሆኖም ለመሳፈር ከከተማው መሀል ወጥቶ ለቡ ድረስ መሄድ አለ፤ በቆላውም ሰው የሚያነሣባቸው ጣቢያዎች እንደ ድሮው ብዙ አይደሉም። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም በዚያው የስኮትላንዱ መስመር በተከፈተበት ወር፣ በመስከረም 2015፣ በ41 ባቡር ሥራ ጀምሮ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰው በበሩ ተጣብቆ ይሄድ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ ሲቆሙ የተሳፋሪው ቁጥርም ወረደ። ወደፊት አንድ ሰው ያንን ቁጥር አይቶ «አዲስ አበቤ ባቡር አይወድም» እንዳይል እፈራለሁ። ፌርማታው ላይ ቆሞ የጠበቀውን ሰው ማን ቆጠረው? የሚቆጠረው የተሳፈረው ብቻ ነው።

ቃል የገባሁላችሁ ካርድ እነሆ።

ከተመረቅን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል፣ በአንድ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባት የ13 ዓመት ልጅ እከታተል ነበር። ስሟንና መንደሯን ልተወው። በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። ያ መርፌ እንዴት እንደሚያም ታውቁታላችሁ፤ እሷ ግን አታለቅስም ነበር፤ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ነክሳ ዝም ትላለች። የሚመጡት ከቆላው በባቡር ነው።

አንድ ወር ቀረች። ሁለተኛውንም ቀረች። በሦስተኛው ወር በገዛ እጄ ካርዷ ላይ «ክትትል አቋርጣለች» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም አሰመርኩበት።

በስምንተኛው ወር በጭነት መኪና መጣች። እግሯ አብጧል፣ ጋደም ማለት አትችልም፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። እኔ ገና ሰላምታ ሳልሰጥ እናቷ ላይ ጮኽኩ፤ «ለምን አቋረጣችሁ? ስንቴ ነገርኳችሁ?» እናትየው ረጋ ብላ በኦሮምኛ መለሰችልኝ። «ዶክተር፣ እኛ አላቋረጥንም። ባቡሩ ነው የቀረው። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል እያልን ጣቢያው ላይ እናድር ነበር።»

አስቡት፤ እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ! የባቡሩን መቅረት ከማንም በፊት የሰማሁ ሰው ነኝ። ማታ በራት ላይ አባቴ ሲተክዝ አይቼ፣ ጠዋት ሄጄ ካርድ ላይ «አቋርጣለች» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሁለቱን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ አላገናኘሁትም።

ልጅቷ ከአራት ቀን በኋላ ትንፋሿ ተመለሰ። ቫልቩ ግን አልተመለሰም። ስትወጣ መርፌውን ለመንደሯ በሚቀርብ ጤና ጣቢያ እንዲሰጧት ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤው አምስት መስመር ነው። ከስምንት ወር በፊት ልጽፈው እችል የነበረ አምስት መስመር።

ወዳጆቼ፣ የባቡር ሪፖርት ሳነብ የምፈልገው እንግዲህ ይህንን ነው። እያንዳንዱ የወረደ ኩርባ ሥር አንድ ጥያቄ አለ፤ መጀመሪያ የቀረው ማን ነው? ተሳፋሪው ነው ወይስ ባቡሩ? ሆካይዶ ላይ ሰዉ ነው። እንግሊዝ ቅርንጫፎቿን ስትቆርጥ፣ ሂውስተን በሳምንት ሦስት ቀን ሲቀርላት፣ የደቡብ አፍሪካው ኬብል ሲሰረቅ ግን ባቡሩ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይነግርህም፤ ሁለቱም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ቁልቁለት ናቸው። ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሰው ስለቀረ ባቡር መቀነስ አንድ ነገር ነው። ባቡር ስለቀረ የቀረውን ሰው ቆጥሮ ባቡር መቀነስ ግን በሽታውን መድኃኒት ብሎ ማዘዝ ነው።

እኛም ተመላላሽ ክፍላችን ውስጥ በየቀኑ ይህንኑ እንሠራለን። «ቀጠሮ አያከብሩም» እንላለን። በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ የነበረው ስንት ጊዜ ነው? መድኃኒቱስ? የላቦራቶሪ ሪኤጀንቱስ? ሕመምተኛው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ መጥቶ «ዛሬ ማሽኑ አይሠራም» ተብሎ የተመለሰበት ቀን የት ተመዘገበ?

አሁን በምሠራበት ክፍል «ክትትል አቋርጧል» ብሎ መጻፍ ትተናል። በምትኩ ሁለት መስመር እንጽፋለን፤ አንደኛው «ለመጨረሻ ጊዜ የመጣበት ቀን»፣ ሁለተኛው «ያልመጣበት ምክንያት፣ ተጠይቆ» ነው። ተጠይቆ የምትለዋ ቃል ናት ዋናዋ። ስልክ መደወል ይጠይቃል፤ አንዳንዴም ከዚያ አካባቢ የመጣ ሌላ ታካሚ መጠየቅ። የምናገኘው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያሳፍረው እኛን ነው።

መምህራኖቻችንን በአክብሮት የምለምነው፣ ይህችን ሁለተኛ መስመር ለተማሪዎቻችሁ ከመጀመሪያው የዋርድ ቀን ጀምሮ እንድታስተምሩልኝ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ደግሞ፣ በየሄዳችሁበት ክሊኒክ የሕመምተኛውን መቅረት ከመቁጠራችሁ በፊት የራሳችሁን መቅረት አንድ ወር ብቻ ቁጠሩ። በሚቀጥለው ስንገናኝ ያገኛችሁትን ንገሩኝ፤ የኔን እኔም ይዤ እመጣለሁ።

አባቴ አሁን በሕይወት የለም። ያንን አባባሉን የሽማግሌ ቁጭት ብዬ ስላለፍኩት ይቅርታ ሳልጠይቀው ነው የሄደው። ዛሬ በፊታችሁ ልጠይቀው፤ አባዬ፣ ልክ ነበርክ። ሰው ነው ባቡር የሚያጣው።